መረጃችሁ ድንበር ሲሻገር፦ ምን ትጠይቃላችሁ፣ ለማን ታመለክታላችሁ

«ስለ እኔ ምን መረጃ ይዛችኋል? ወዴትስ ልካችሁታል?» ብላችሁ ለአንድ ድርጅት የምትጽፉት ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እንደ እኔ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራዬ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊነት ነው። የምሠራበት ድርጅት በአውሮፓ ሕብረት ውስጥ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነውን ጂዲፒአር የተባለውን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሳልገልጥ የምውልበት ቀን የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቹ ደብዳቤዎች በቁጣ ይጀምራሉ። «መረጃዬን ለአሜሪካ አሳልፋችሁ ሰጣችሁ» ይላሉ። ቁጣው ይገባኛል፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ግን ለቁጣ መልስ መስጠት ለድርጅት ከባድ አይደለም፤ «የእርስዎ ግላዊነት ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል አንድ ገጽ ተልኮ ነገሩ ይዘጋል። የሕግ ክፍሉን፣ የአይቲ ክፍሉንና የግዥ ክፍሉን ሰብስቦ የሚያስቀምጠው ደብዳቤ ሌላ ነው። እሱ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ለማን ሰጣችሁ? ያ ተቀባይ የት አገር ነው? የትኛውን አንቀጽ ይዛችሁ ነው የላካችሁት? ጉዳዩ ኋላ ባለሥልጣን ዘንድ ቢደርስም ፍርድ ቤት ቢቆምም፣ የሚረታው ወይም የሚወድቀው በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ቅደም ተከተል ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ላጥራ። ጂዲፒአር ዜግነት አይጠይቅም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰውም፣ ተማሪውም፣ ፓስፖርት የያዘውም እኩል መብት አላቸው። ሕብረቱ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት በዚያ ሥራው መረጃችሁን ከያዘ፣ እናንተ ሌላ አገር ብትኖሩም ሕጉ ይሠራል። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል» ብሎ መተው አያስፈልግም።

ዝውውር የሚባለው የቱ ነው?

ብዙ አቤቱታ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በሕጉ ዓይን ዝውውር የሚባለው፣ ለጂዲፒአር ተገዢ የሆነ ድርጅት መረጃችሁን ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና (ሕብረቱ ከአይስላንድ፣ ከኖርዌይና ከሊችተንስታይን ጋር) ውጭ ላለ ሌላ ድርጅት ሲልክ ወይም እንዲያየው ሲያደርግ ነው። እናንተ ራሳችሁ ውጭ አገር ያለ የንግድ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን ብትሞሉ፣ ያ በዚህ ትርጉም ዝውውር አይደለም፤ ላኪ ድርጅት የለምና። ድረ ገጹ በሌላ አንቀጽ ይጠየቅ ይሆናል፤ በዚህኛው ግን አይደለም።

በሌላ በኩል፣ «ስርቨራችን አውሮፓ ውስጥ ነው» የሚለው መልስ ነገሩን አይዘጋውም። ሌላ አገር ያለ የሌላ ድርጅት (እህት ኩባንያም ቢሆን) ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አውሮፓ ውስጥ ያለውን ፋይል ማየት ከቻለ፣ ያም ዝውውር ነው። በሜይ 2025 የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ቲክቶክን 530 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዋናነት በዚህ ነው፤ ቻይና ያሉ ሠራተኞች የአውሮፓ ተጠቃሚዎችን መረጃ ከርቀት ያዩ ነበር። ከቅጣቱ 45 ሚሊዮኑ ደግሞ የተጣለው ኩባንያው ይህን ለተጠቃሚዎቹ በግልጽ ባለመንገሩ ነው። ኩባንያው ምርመራው ሲካሄድ «ቻይና ውስጥ የተከማቸ መረጃ የለም» ሲል ቆይቶ፣ ጥቂት መረጃ እዚያ ስርቨር ላይ እንደነበር በመጨረሻ አሳውቋል። ለዚህ ነው «የት ይከማቻል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ የምለው። «ከየት ሆኖ ይታያል?» የሚለውን ጨምሩበት።

ደብዳቤው

ረጅም አታድርጉት። ለድርጅቱ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ ብላችሁ ላኩ፤ አድራሻው የግላዊነት ፖሊሲ በሚሉት ገጽ ግርጌ አካባቢ ይገኛል። ድርጅቱ በሚያውቀው ኢሜይላችሁ ጻፉ፤ ከሌላ ኢሜይል ከጻፋችሁ «ማንነትዎን ያረጋግጡ» በሚል ሰበብ ጊዜ ይበላል። የፓስፖርት ቅጂ ሳትጠየቁ አትላኩ። ድርጅቱ ተጨማሪ ማረጋገጫ መጠየቅ የሚችለው በማንነታችሁ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖረው ብቻ ነው፤ መረጃችሁ የት እንደሄደ ለማወቅ ሌላ መረጃ ማስረከብ ግዴታ መሆን የለበትም።

ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ በሚሠራበት ቋንቋ አስተርጉሙት፦

«በጂዲፒአር አንቀጽ 15 መሠረት የሚከተለውን እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ስለ እኔ የያዛችሁትን የግል መረጃ ቅጂ። መረጃዬን የተቀበለ ወይም ማየት የቻለ የእያንዳንዱን ድርጅት ስም፤ በጥቅል ሳይሆን በስም። ከእነዚህ ውስጥ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ያሉት በየትኛው አገር እንደሚገኙ፤ ከርቀት ሆነው የሚያዩትንም ጨምሮ። ለእያንዳንዱ ዝውውር የያዛችሁትን መሠረት፤ አንቀጽ 45፣ 46 ወይስ 49 እንደሆነ፣ ዝውውሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም። መሠረቱ አንቀጽ 46 ከሆነ፣ የተፈረሙትን መደበኛ የውል አንቀጾች ቅጂ ከነአባሪዎቻቸው።»

ከዚህ በላይ ማስፈራሪያም፣ ስለ ስለላ ሐተታም አያስፈልገውም። «በስም» የምትለዋን ቃል ግን እንዳትዘሏት። የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 12 ቀን 2023፣ በኦስትሪያ ፖስታ ድርጅት ጉዳይ፣ ሰው መረጃው በእርግጥ ለማን እንደተሰጠ የማወቅ መብት እንዳለው ወስኗል። «ለንግድ አጋሮቻችን» ብሎ ማለፍ የሚቻለው ተቀባዮቹን መለየት ካልተቻለ ወይም ጥያቄው መሠረት የለሽ ወይም ከልክ ያለፈ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

ድርጅቱ መልስ ለመስጠት አንድ ወር አለው። ጉዳዩ ከተወሳሰበ ሁለት ወር መጨመር ይችላል፤ ግን መጨመሩን በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ ከነምክንያቱ ሊነግራችሁ ይገባል። ክፍያ የለውም። የላካችሁበትን ቀን ጻፉና አስቀምጡ።

መልሱ ሲመጣ

መልሱ ከሦስት በአንዱ በር ይገባል፤ እያንዳንዱ በር የራሱ መፈተሻ አለው።

አንደኛው የበቂነት ውሳኔ ነው፤ አንቀጽ 45። የአውሮፓ ኮሚሽን «የዚህ አገር ጥበቃ ከእኛ ጋር በመሠረቱ ተመጣጣኝ ነው» ብሎ የወሰነላቸው ጥቂት አገሮች አሉ፤ ጃፓን፣ ደቡብ ኮርያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ዩናይትድ ኪንግደም፣ ኒውዚላንድ፣ አርጀንቲናና ሌሎችም። አገሩ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ በዚህ በር ብዙ አትደክሙ። አሜሪካ ግን የተለየች ናት። የጁላይ 10 ቀን 2023ቱ ውሳኔ የሚሸፍነው የመረጃ ግላዊነት ማዕቀፍ በተባለው የአውሮፓና የአሜሪካ ስምምነት ውስጥ ራሳቸውን ያስመዘገቡ ኩባንያዎችን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ነው። የኩባንያውን ስም ፈልጉና ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ምዝገባው አሁንም የጸና መሆኑን (በየዓመቱ ይታደሳል)፣ ደግሞም የትኛውን ዓይነት መረጃ እንደሚሸፍን። የሠራተኞች መረጃ ለብቻው የሚመዘገብ ነው። አሠሪያችሁ የደመወዝና የሕክምና ፈቃድ መረጃችሁን አሜሪካ ላለ ኩባንያ ልኮ፣ ኩባንያው የተመዘገበው ግን ለደንበኞች መረጃ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኛችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቀኑ ከሁሉም ይበልጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል ያሉት ስምምነቶች በተደጋጋሚ ፈርሰዋል። የ2000ው ሴፍ ሃርበር በኦክቶበር 6 ቀን 2015 ፈረሰ። በ2016 የተተካው ፕራይቬሲ ሺልድ ደግሞ በጁላይ 16 ቀን 2020 ፈረሰ። ሁለቱንም ያስፈረሰው ኦስትሪያዊው የሕግ ባለሙያ ማክስ ሽሬምስ በፌስቡክ ላይ ያነሳው ክርክር ነው፤ የፍርድ ቤቱ ምክንያት የአሜሪካ የስለላ ሕጎች ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ መሆናቸውና አውሮፓዊው ተጠቃሚ እዚያ ውጤታማ የፍትሕ መንገድ አለማግኘቱ ነበር። ከጁላይ 2020 እስከ ጁላይ 2023 ባሉት ሦስት ዓመታት ወደ አሜሪካ የተላከ መረጃ በአንቀጽ 45 ሊደገፍ አይችልም። የአሁኑን ማዕቀፍ የፈረንሳይ ፓርላማ አባሉ ፊሊፕ ላቶምብ ተቃውመውት፣ የሕብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 አቤቱታቸውን ውድቅ አድርጓል፤ እሳቸውም ይግባኝ ብለዋል። ስለዚህ አሁን የጸና ነው፤ ግን ድርጅቶች ሁለተኛ መጠባበቂያ ሳያዘጋጁ በእሱ ላይ ብቻ ሲደገፉ ሳይ እኔ አልረጋጋም።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 46 ነው፤ በብዛት በኮሚሽኑ የተዘጋጁት መደበኛ የውል አንቀጾች። የአሁኑ ቅጂ በጁን 2021 የወጣው ነው። ውሉን ስታገኙ ከፊት ያለውን ገጽ ሁሉ በማንበብ አትድከሙ፤ እሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ መቀየርም አይፈቀድም። ቀጥታ ወደ አባሪዎቹ ሂዱ። ድርጅቱ በራሱ እጅ የሞላው እሱን ነው፤ ስንፍናም የሚታየው እዚያ ነው። አባሪ አንድ ላኪውንና ተቀባዩን፣ የመረጃውን ዓይነት፣ ዓላማውንና የሚቆይበትን ጊዜ ይዘረዝራል። የእናንተ የጤና መረጃ ተልኮ ሳለ አባሪው ላይ «የመገናኛ አድራሻ» ብቻ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። አባሪ ሁለት የደኅንነት እርምጃዎቹን ይይዛል። «ተገቢ የቴክኒክ እርምጃ ተወስዷል» ብሎ ካለፈ፣ ምንም አልተናገረም። ጠይቁ፦ መረጃው ተመስጥሯል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቁልፉ በተቀባዩ እጅ ከሆነ፣ የአገሩ መንግሥት «አምጣ» ሲለው ተቀባዩ ራሱ መፍታት ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የ2020ው ፍርድ ፊርማ ብቻውን አይበቃም ስላለ ነው። ላኪው የተቀባዩን አገር ሕግ መርምሮ፣ ውሉ እዚያ ሊከበር መቻሉን መመዘን አለበት፤ ካልሆነ ተጨማሪ ጥበቃ ማድረግ፣ ያም ካልተቻለ መላኩን ማቆም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ መደበኛ አንቀጾቹንም ተጨማሪ እርምጃዎችንም ይዞ ነበር፤ ሆኖም በሜይ 2023 የአየርላንዱ ኮሚሽን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ይህ ምዘና በጽሑፍ መኖር አለበት። ለእናንተ የማሳየት ግዴታ በውሉ ላይ የለም፤ ለተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ግን ሲጠየቅ መቅረብ አለበት። ስለዚህ አቤቱታችሁ ላይ «ባለሥልጣኑ የዝውውር ምዘናውን አስቀርቦ እንዲመረምር እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። እኔ በምሠራበት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ የሚያሳስብ የለም፤ ምዘናው ያልተሠራ ከሆነ ኋላ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ መሥራት አይቻልምና።

ሦስተኛው በር አንቀጽ 49 ነው፤ «እርስዎ ተስማምተዋል» የሚሉበት። ፈቃዱ ግልጽ መሆን አለበት፤ አገሩ ተመጣጣኝ ጥበቃ እንደሌለውና አደጋው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯችሁ። በረጅም ውል ውስጥ የተቀበረ ምልክት ይህን አያሟላም። አንቀጹ ለልዩ ሁኔታ የተጻፈ ነው፤ ውጭ አገር ሆቴል ስታስይዙ ስማችሁ ለሆቴሉ እንደሚላከው ዓይነት። በየቀኑ በገፍ ለሚካሄድ ዝውውር መሸሸጊያ አይሆንም።

አቤቱታ ለተቆጣጣሪ ባለሥልጣን

ወሩ ካለፈ ወይም መልሱ ካላረካችሁ፣ በምትኖሩበት፣ በምትሠሩበት ወይም ጥሰቱ በተፈጸመበት አገር ላለው የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት በሉ። ነጻ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን፣ ምን መረጃ፣ ለማን፣ ወደ የት አገር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የጠየቃችሁበት ቀን፣ የተሰጣችሁ መልስ። የምትፈልጉትንም ጻፉ፤ ዝውውሩ እንዲታገድ ከሆነ «እንዲታገድ» በሉ። የማገድ ሥልጣን አላቸው።

ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሌላ አገር ከሆነ ፋይላችሁ ወደዚያ ይተላለፋል፤ ግራ አትጋቡ። የኡበር ጉዳይ እንዲህ ነው የሄደው። ከ170 የሚበልጡ የፈረንሳይ ሾፌሮች በአንድ የሰብአዊ መብት ማኅበር በኩል ለፈረንሳዩ ባለሥልጣን አመለከቱ፤ የኩባንያው የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤት ኔዘርላንድስ ስለነበር ጉዳዩ ወደ ደች ባለሥልጣን ዞረ። በኦገስት 2024 የ290 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት መጣ። ያለ በቂ መሠረት ከሁለት ዓመት በላይ ወደ አሜሪካ ሲላክ የነበረው የሾፌሮቹ የታክሲ ፈቃድ፣ ያሉበት ቦታ፣ ፎቶ፣ የክፍያና የመታወቂያ ሰነድ፣ አልፎ አልፎም የወንጀልና የሕክምና መዝገብ ነበር። ኩባንያው ውሳኔውን እንደሚቃወም አስታውቋል። እኔን የሚያስደስተኝ አካሄዳቸው ነው፤ ተሰባስበው፣ በማኅበር በኩል ነው የሄዱት። ሕጉ ይህን በአንቀጽ 80 ይፈቅዳል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው የሥራ ባልደረቦች ካሏችሁ ብቻችሁን አትሂዱ።

ሦስት ወር ሙሉ ባለሥልጣኑ ስለ ጉዳያችሁ ሂደት ምንም ካልነገራችሁ፣ ባለሥልጣኑን ራሱን ፍርድ ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል፤ ሽሬምስ የመጀመሪያ አቤቱታውን ለአየርላንድ ያስገባው በ2013 ነው፤ የሜታ ቅጣት የመጣው በ2023።

ካሳ

ቅጣቱ የመንግሥት ነው፤ ወደ እናንተ ኪስ አይገባም። የራሳችሁን ካሳ የምትጠይቁት በአንቀጽ 82፣ በፍርድ ቤት ነው፤ ክሱንም በምትኖሩበት አገር ማቅረብ ትችላላችሁ። የሕብረቱ ፍርድ ቤት በሜይ 4 ቀን 2023 ሁለት ነገር ብሏል፦ የሕጉ መጣስ ብቻውን ካሳ አያስገኝም፣ የደረሰ ጉዳት መታየት አለበት፤ ጉዳቱ ግን «ትንሽ ነው» ተብሎ አይጣልም።

በጃንዋሪ 8 ቀን 2025 የተሰጠውን ፍርድ ሁሉም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። አንድ ጀርመን የሚኖር ሰው የከሰሰው ራሱን የአውሮፓ ኮሚሽንን ነው፤ ለሕብረቱ ተቋማት የወጣውን የጂዲፒአር አቻ ሕግ ጠቅሶ። በኮሚሽኑ መግቢያ ገጽ ላይ «በፌስቡክ ግቡ» የሚል አገናኝ ነበር፤ እሱን ሲጫን የአይፒ አድራሻው ወደ ሜታ፣ አሜሪካ ሄደ። ቀኑ ማርች 30 ቀን 2022፤ ከላይ ባልኋቸው ሦስት ዓመታት ውስጥ። ኮሚሽኑ 400 ዩሮ እንዲከፍል ተወሰነበት። ሰውየው ከዚያው ጋር ሌላም ነገር ጠይቆ ነበር፤ መረጃው በአማዞን አገልግሎት በኩል አሜሪካ ደርሷል የሚል። ያኛው ወደቀ። አንደኛው ግንኙነት የሄደው ሙኒክ ወዳለ ስርቨር ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው አሜሪካ የደረሰው ሰውየው ራሱ ቅንብሩን ለውጦ አሜሪካ ያለ በማስመሰሉ ነበር። ስለዚህ ማስረጃ ስትሰበስቡ ቪፒኤን (ያላችሁበትን ቦታ የሚሸፍነውን መተግበሪያ) አጥፉ፤ እንደ ወትሮው ተጠቀሙ፤ የብሮውዘራችሁን የኔትወርክ መዝገብ ከነቀኑና ሰዓቱ አስቀምጡ።

መደበኛ የውል አንቀጾቹም ለካሳ ይጠቅማሉ፤ ውሉን ባትፈርሙም እንደ ሦስተኛ ተጠቃሚ አብዛኞቹን አንቀጾች በላኪውም በተቀባዩም ላይ ማስፈጸም ትችላላችሁ።

ጥርጣሬያችሁ ስለላ ከሆነ

ከ2022ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 14086 ወዲህ ለዚህ የተለየ መንገድ አለ። አቤቱታውን የምታስገቡት እዚሁ በአገራችሁ ላለው የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ እሱ ወደ አሜሪካ ያስተላልፈዋል። መጀመሪያ በስለላ ተቋማቱ የበላይ ጽሕፈት ቤት ያለ የሲቪል ነጻነቶች ኃላፊ ያየዋል፤ ከዚያ የመረጃ ጥበቃ ክለሳ ፍርድ ቤት ወደሚባለው መውሰድ ይቻላል። መረጃችሁ በእርግጥ መሰብሰቡን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የሚመጣው መልስ ግን ስለላ ተደርጎባችሁ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ «ጥሰት አልተገኘም ወይም ማስተካከያ ታዟል» ይላል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነም አይለይም። ድርጅቱ ላይ ያላችሁን አቤቱታ ለዚህ ብላችሁ አታቁሙት፤ ሁለቱ ለየብቻ፣ በተለያየ ፋይል ይሄዳሉ።